በግራዬ የተቀመጡ ሰዎች

ሰው ቤት በእንግድነት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ሶፋው ወይም መጋረጃው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። ግራ ትከሻዬን የማስጠጋበት ግድግዳ ካገኘሁ የዚያ ቀን ጨዋታ ሰላም ነው። ካላገኘሁ ገና በሩ ላይ ሆኜ ሒሳብ መሥራት እጀምራለሁ። ማን የት ይቀመጣል? ጨዋታ የሚያመጣው ማን ነው? ቡና የምታፈላው ልጅ በየት በኩል ናት? ትልልቆቹ ሲመርቁ ድምፃቸው ከየት ይመጣል? "ኧረ ወደ መሀል ነይ፣ ምን ጥግ ያስይዝሻል?" ሲሉኝ "አይ፣ እዚሁ ይመቸኛል" ብዬ ጥጌን እይዛለሁ። ብዙዎች ዓይን አፋርነት ይመስላቸዋል። ኩራት የመሰላቸውም አሉ።

እውነቱ አጭር ነው። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ጮክ ሲሉ ይሰማል፣ ቀረብ ሲሉ ይሰማል ማለቴ አይደለም፤ ምንም አይሰማም።

ዘንድሮ 32 ዓመት ሞላኝ። በአንድ የግል ድርጅት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሰው የሚፈልገውን ሰምቶ ለሰው የሚሆነውን መናገር ነው። ይህችን አጭር እውነት ግን ከቤተሰቤና ከባለቤቴ በስተቀር ለማንም ሳልናገር ሃያ ምናምን ዓመት ኖርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ እንድናገር ስላደረገችኝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስለ ሰጠችኝም፣ ስላልሰጠችኝም።

"ስልኩ ተቋርጧል"

6 ዓመቴ እያለ ጆሮ ደግፍ ያዘኝ። በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ያልያዘው ልጅ አልነበረም። ጉንጫችን አብጦ፣ በጨርቅ ታስረን፣ አጥሚት እየጠጣን ሳምንት ተኛንና ተነሣን። እብጠቱ ሲሄድ የግራ ጆሮዬን መስማት ይዞት እንደሄደ ማንም አላወቀም፤ እኔም ጭምር። አንድ ልጅ ያለውን እንጂ የጎደለውን አያውቅም።

የታወቀው በስልክ ነው። ደሴ የነበረችው አያቴ በበዓል ቀን ደወለች። እናቴ እጄን ሊጥ ነክቶት ስለነበር የስልኩን እጀታ ራሷ ግራ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። "ተቋርጧል" አልኳት። ወስዳ አዳመጠችው፤ አያቴ አለች። መልሳ ያዘችልኝ። "ተቋርጧል።" በሦስተኛው የእናቴ ፊት ተለወጠ። እጀታውን ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ጆሮዬ አዞረችው፤ የአያቴ "የኔ እናት፣ እንኳን አደረሰሽ" የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ። ያን ቀን እናቴ ዶሮውን ሠርታ ስትጨርስ ድረስ አልተናገረችም።

ሐኪም ቤት ተወሰድኩ። የውስጠኛው ጆሮ ስለተጎዳ በመድኃኒት እንደማይመለስ ነገሩን። "ደግነቱ አንዱ ጤነኛ ነው፤ ይበቃታል" ተባለ። "ይበቃታል" የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ እንደ ሕግ ሆኖ ቀረ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጨመረችበት፦ "ለሰው አይነገርም።" ክፋት አልነበረም። ልጄን ጎደሎ ይሏታል ብላ ነው።

አንድ ጆሮ በርግጥ ለብዙ ነገር ይበቃል። በአንድ ጆሮ ተማርኩ፣ በአንድ ጆሮ በቢዝነስ ዲግሪዬን ያዝኩ። ክፍል ውስጥ የግራውን ግድግዳ ተጠግቼ ከፊት እቀመጥ ስለነበር መምህራን ጎበዝ ተማሪ ትመስላለች ይሉኝ ነበር። ሁለት ጆሮ ለምን እንደተሰጠን የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ድምፅ ከቀኝ ሲመጣ ቀኝ ጆሮ ከግራው ቀድሞ ይሰማዋል። ልዩነቱ ከሰከንድ አንድ ሺህኛው ያነሰ ነው። አንጎል ግን በዚያች ቅንጣት ጊዜና ድምፁ በሁለቱ ጆሮዎች ላይ ባለው የመጠን ልዩነት አቅጣጫውን ያሰላል። አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሰው የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። ስለዚህ ለእኔ ድምፅ ሁሉ የሚመጣው ከቀኝ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ሲጠራኝ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። ስልኬ ሶፋ ላይ ሲጮኽ መኝታ ቤት ገብቼ እፈልጋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ጭንቅላታችን ራሱ ግድግዳ ነው። ከግራዬ የሚናገር ሰው ድምፅ ጭንቅላቴን ዞሮ ወደ ቀኝ ጆሮዬ መድረስ አለበት። ወፍራም ድምፆች ይዞራሉ። እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ግን አብዛኛው ኃይላቸው መንገድ ላይ ይቀራል። ጸጥ ባለ ክፍል የጎደለውን በግምት እሞላለሁ። ጫጫታ ካለ ግን የሚደርሰኝ ፊደሉ የተሸራረፈ ቃል ነው። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ በግራዬ የተቀመጠ ደንበኛ "ስልሳ ሺህ" በራሪ ወረቀት ሲል እኔ "ሠላሳ ሺህ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ቃላት ሁለት ጆሮ ላለው ሰው እንኳ መንታ ናቸው። ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ወረቀቱ በግማሽ ጎደለ። አለቃዬ "ትኩረት አድርጊ እንጂ!" አለኝ። "በግራዬ ስለነበረ ነው" ማለት ትችል ነበር ምላሴ። አላለችም።

ያልተባለው አሜን

መደበቅ ዋጋ አለው። የእኔ ትልቁ ዕዳ የተጻፈው በመልሴ ቀን ነው።

የአማቴ ታላቅ እህት በቤተሰቡ ውስጥ ቃላቸው የሚከበር ሴት ናቸው። ማንም የሚጠራቸው "እትዬ" ብሎ ነው። በመልሱ ማምሻ ከጎኔ መጥተው ተቀመጡ፤ በግራዬ። ሙዚቃው ይጮኻል። ኋላ እንደተነገረኝ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ስለ ትዳሬ፣ ስለምወልዳቸው ልጆች፣ ስለ ቤቴ። እኔ በቀኜ ካለችው ሚዜዬ ጋር እየተሳሳቅኩ ነበር። አሜን አላልኩም። ዞር ብዬም አላየኋቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

በእኛ አገር የትልቅ ሰው ምርቃት አሜን ሳይባልበት ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። "የተማረች ናት አሉ፤ ምርቃት አትፈልግም" ብለው ነበር። ባለቤቴ ማታውኑ ሄዶ ሊያስረዳቸው ፈለገ። "እንዳትነግራቸው!" ብዬ አስማልኩት። በገባሁ በሳምንቴ "ሙሽራዋ ደንቆሮ ናት" ከሚባል ኩሩ መባልን መረጥኩ። ከዚያ በኋላ 5 ዓመት ሙሉ እትዬ ሲያገኙኝ ጉንጫቸውን ለሰላምታ ይሰጡኛል፤ ዓይናቸውን ግን አይሰጡኝም። ልጄ ስትወለድ እንኳን ገንፎ ሊበሉ መጥተው ሕፃኗን መርቀው፣ እኔን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለው ሄዱ። ከዚያች የደንብ ቃል ሌላ አልጨመሩም።

የመኪና ማቆሚያው

ወደ ምርመራ የወሰደኝ ግን እትዬ አይደሉም፤ ልጄ ናት። ባለፈው ዓመት፣ 4 ዓመቷ እያለ፣ ከሱፐርማርኬት ወጥተን መኪና ማቆሚያው ውስጥ እንሄዳለን። ጥሩምባ ሰማሁ። እንደ ሁልጊዜው ከቀኝ። ልጄን ጎትቼ ወደ ግራ ሸሸሁ። ወደ ኋላ እየመጣ የነበረው መኪና የነበረው በግራ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው የመኪናውን ገላ በመዳፉ እየደበደበ አስቆመው። "እህቴ፣ እያየሽ ትገቢበታለሽ እንዴ?" አለኝ። ልጄ ተረከዟ ከጎማው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ቤት ስንደርስ ጉልበቴ አልጸና ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። "ይበቃታል" የሚለው ሕግ እዚያ ደረጃ ላይ ተሻረ።

የመስማት ምርመራው ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ባለሙያው የጆሮ ማዳመጫ አደረገልኝና "ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ቁልፉን ተጫኚ" አለኝ። የቀኙን ጨረስን። ለግራው ሲሆን በቀኝ ጆሮዬ እንደ ፏፏቴ የሚያሻሻ ድምፅ ለቀቀበት፤ ጤነኛው ጆሮ ለታመመው እንዳይመልስለት ነው። አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ። በመጨረሻ በመስታወቱ ውስጥ በእጄ "አልጀመርክም እንዴ?" አልኩት። በሩን ከፍቶ "ጨርሰናል" አለኝ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን 26 ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ ተስሎ አይቼው አላውቅም።

ሁለት መሣሪያ ለአንድ ሥራ

ባለሙያው ምርጫዎቼን አንድ በአንድ አስረዳኝ፤ በተመሳሳይ ችግር ላላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል። የተለመደው የመስሚያ መርጃ ድምፅን የሚያጎላ ነው። የእኔ ግራ ጆሮ ግን የሚጎላለት ነገር የለውም።

አንዱ አማራጭ በአጥንት በኩል የሚያሰማው መሣሪያ ነው። ከማይሰማው ጆሮ ጀርባ ሆኖ ድምፁን ወደ ንዝረት ይለውጥና በራስ ቅል አጥንት አሳልፎ ወደ ጤነኛው የውስጥ ጆሮ ያደርሳል። በጭንቅላት ማሰሪያ የሚደረግ አለ፤ በቀዶ ሕክምና አጥንት ላይ በሚተከል ቲታኒየም የሚያዝም አለ። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ይህ የተተከለላቸው በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊድኗ ጎተንበርግ ነው። ሌላው ኮክሌር ኢምፕላንት ሲሆን የመስሚያውን ነርቭ በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በአንድ ጆሮ ብቻ ለማይሰሙ ሰዎች እንዲውል የፈቀደው በ2019 ነው። የማይሰማውን ጆሮ ራሱን ለማሰማት የሚሞክረው እሱ ብቻ ነው። ነገር ግን እንደ እኔ ጆሮው ከልጅነት ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ሳይሰማ ለቆየ ትልቅ ሰው የሚሰጠው ውጤት ዝቅ ያለ ነው፤ ወጪውም ከአቅሜ በላይ ነበር።

የመረጥኩት ሦስተኛውን፣ ክሮስ የሚባለውን ነው። ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው። በማይሰማው ጆሮ ላይ የሚቀመጠው ማይክሮፎን ነው፤ የግራውን ድምፅ ይቀበልና ያለ ሽቦ በቀኙ ላይ ወዳለው ይልካል። ቀኙ ደግሞ ለጤነኛው ጆሮ ያሰማል። ቀዶ ሕክምና የለውም። "በግራ አልሰማም ብለሽ በቀኝም አደረግሽ?" የሚሉኝ ሰዎች አሁንም አሉ። "ግራው ይልካል፣ ቀኙ ይቀበላል" እላቸዋለሁ።

ባለሙያው ሲሰጠኝ በግልጽ ተናግሮኛል፦ "ይህ ግራ ጆሮሽን አያድነውም። አቅጣጫም አይነግርሽም። በግራሽ ያለውን ድምፅ ግን ያመጣልሻል።" ሰማሁት። በቀኝ ጆሮዬ ሰማሁት ማለቴ ነው፤ ልቤ ግን ዳንኩ ብሎ ወስኖ ነበር። ሶፋ ልንቀይርበት ያሰብነውን እቁብ ከፍዬበት ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ ይነዳል። በአገራችን ነጂው በግራ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ በትዳራችን ዘመን ሁሉ መኪና ውስጥ ሲያወራ የነበረው ለማይሰማው ጆሮዬ ነው። እኔ አንገቴን ጠምዝዤ፣ እሱም ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ እየደጋገመ ለምደነዋል። ያን ቀን መስቀል አደባባይን ስናልፍ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ እንደ ለራሱ፣ "ነዳጅ መቅዳት አለብኝ" አለ። እኔም በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ "ሰልፉ ረጅም ከሆነ ነገ ጠዋት ቅዳ" አልኩት። ጸጥ አለ። ዞር ስል ዓይኑ ቀልቷል። ስለ ነዳጅ አውርተን እንዲህ ተነክተን አናውቅም።

ሦስት ሳምንት በመሳቢያ ውስጥ

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር። አልጨረሰም።

በማግስቱ ዓለም በግራ በኩል ተቆጣችኝ። ሽንኩርት የሚቁላላበት ድስት፣ ፍሪጁ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ሁሉም እኩል ይጮኻል። ነጠላ ስደርብ ጨርቁ ማይክሮፎኑን ሲነካው የደረቀ ቅጠል እንደሚረገጥ ይንኮሻኮሻል። ሹሩባ ስሠራ ጸጉር ሠሪዋ ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ ጣለችው። ታክሲ ውስጥ በግራዬ በኩል የተከፈተ መስኮት ካለ ነፋሱ ብቻውን ቃል ሁሉ ይውጣል። አንድ ምሳ ሰዓት ከባልደረቦቼ ጋር ምግብ ቤት ገባን፤ ድምፅ ማጉያው በግራዬ ነበር። ድሮ ጭንቅላቴ ግድግዳ ሆኖ ይከላከልልኝ የነበረውን ጫጫታ አሁን መሣሪያው አንስቶ በደህናው ጆሮዬ ውስጥ አፈሰሰው። ከመሣሪያው በፊት ከምሰማው ያነሰ ሰማሁ። ማታ ማታ ራሴን ያመኝ ጀመር።

የባሰው ግን ይህ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ልጄ ከኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ "እማዬ!" ብላ ጠራችኝ። እኔ ግቢው ውስጥ ነኝ። ሁለቱም መሣሪያዎች ጆሮዬ ላይ ናቸው። ወደ በሩ ዞርኩ፣ ወደ መኪናዎቹ ዞርኩ፣ ወደ ሱቁ ዞርኩ። ላይ መሆኗን ያየሁት ጎረቤቴ በጣቷ ስታሳየኝ ነው። በዚያች ደቂቃ የመኪና ማቆሚያው ትዝ አለኝ። ለምን ገዛሁት ታዲያ? ማታ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከከተትኩት በኋላ ሦስት ሳምንት አላወጣሁትም። ባለቤቴ "የት አለ?" ብሎ አልጠየቀኝም። ሶፋውንም አላነሣም። ደግ ሰው ነው።

ያወጣሁት በሙያዬ አፍሬ ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች የደንበኛ እርካታን እያስረዳሁ ነበር። ደንበኛ የሚከፋው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የጠበቀውና ያገኘው ሳይገናኝ ሲቀር ነው፤ ስለዚህ ዕቃው የማያደርገውን አታስተዋውቁ እላለሁ። መሀል ላይ ንግግሬ ተደነቃቀፈ። ባለሙያው የማያደርገውን አላስተዋወቀኝም። ለራሴ ያስተዋወቅኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። አልተቆጣኝም፤ ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ነገረኝ። የግራውን መጠን ቀነስ አደረገልኝ። ለጫጫታ ቦታ ግራውን ማይክሮፎን በቁልፍ እንድዘጋው አሳየኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን ጀመርን፦ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ብቻ በቀን 2 ሰዓት፣ ቀጥሎ ከአንድ ሰው ጋር በጸጥታ ቦታ፣ ቀጥሎ ቡና ላይ፣ ቀጥሎ ቢሮ። ምግብ ቤት መጨረሻ። አንጎል የማይጠቅመውን ድምፅ ወደ ኋላ መግፋት የሚማረው በየቀኑ ሲሰማው ነው፤ በመሳቢያ ውስጥ ምንም አይማርም። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ፍሪጁ ዝም ማለቱን አስተዋልኩ። ፍሪጁ ግን እየሠራ ነበር።

ልማዶችም መጡ። ባትሪዎቹ በአየር የሚሠሩ ትንንሽ ናቸው፤ ተለጣፊያቸው ከተነሣ ጊዜያቸው መቁጠር ይጀምራል፤ የእኔ ሳምንት አይሞሉም። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ሰው በመጣ ቁጥር ትልክልኛለች፤ ድሮ የሽቶ ትዕዛዝ የምሰጣት እኔ አሁን ባትሪ ነው የማዛት። በክረምት ማታ ማታ እርጥበት በሚመጥ ፍሬ የተሞላ ዕቃ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ። ስተኛ አወልቃለሁ። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ልጄን እንድሰማት ደህናው ጆሮዬን ወደ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። እሱ ካለ ደግሞ ደህናውን ትራስ ላይ አሳርፌ፣ ውሻውም ጄኔሬተሩም በማይደርሱበት ጸጥታ ውስጥ እሰጥማለሁ። ሁለት ጆሮ ያላችሁ ሰዎች ይህን አታውቁትም፤ በዚህስ እዘንላችኋለሁ።

በቢሮም ተናገርኩ። በአንድ የሰኞ ስብሰባ "ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ በዚህ በኩል ቁጥር ስትነግሩኝ በጽሑፍም ላኩልኝ" አልኩ። አንድ ሰው "እኔስ ዝም የምትዪኝ ተቀይመሽኝ መስሎኝ ነበር" አለ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ቃሉ አብሮኝ ቤት ሄደ። ስንት ሰው በግራዬ ተቀምጦ ተቀይማኛለች ብሎ ተነሥቷል?

ዕዳውን መክፈል

እትዬ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ለቡና የሚሆን ስኳርና ዳቦ ይዤ። በራቸው ላይ ቆሜ እንደገና ወጣት ሙሽራ ሆንኩ። ከገባሁ በኋላ ግድግዳ አልፈለግኩም። ግራዬን ለእሳቸው ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ በመልሴ ቀን መርቀውኝ አሜን አላልኩም" አልኳቸው። "አልሰማሁዎትም። ይህ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም። አፍሬ ደበቅኩ።" ጸጉሬን ገልጬ መሣሪያውን አሳየኋቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መቱና "አንቺ ልጅ! አምስት ዓመት ሙሉ ኃጢአት ስታስገቢኝ!" አሉ። ተቆጥተዋል፤ ግን ቁጣው የቤት ሰው ቁጣ ነበር። ቡናው ተፈላ። በሦስተኛው፣ በበረካው፣ በግራዬ እንደተቀመጡ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ እንደገና መረቁኝ። ሁሉንም ሰማሁ። በየመሀሉ አሜን አልኩ፤ አንዳንዱን ሳይጨርሱት አልኩ። "ቀስ በይ፣ ይድረስልሽ" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ችግር አለ። እትዬ የቱም ጆሮዬ ላይ፣ በስልክም ጭምር፣ በሙሉ ኃይላቸው ይጮኻሉ። ቀኙ ደህና መሆኑን ስንነግራቸው "ለመጠንቀቅ ነው" ይላሉ።

ለወላጆች ጥቂት ነገር

ሐኪም አይደለሁም፤ ግን እናቴ ያን ጊዜ ቢነገራት ኖሮ የምለውን ለእናንተ ልበል። ልጃችሁ ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚይዝ፣ ስትጠሩት በተሳሳተ አቅጣጫ የሚዞር፣ ከአንድ በኩል ሲናገሩት የማይመልስ፣ ጫጫታ ባለበት "ምን?" የሚያበዛ ከሆነ "አይሰማም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው" ከማለታችሁ በፊት አስመርምሩት። ለጆሮ ደግፍ ከኩፍኝ ጋር ተጣምሮ የሚሰጥ መከላከያ ክትባት አለ፤ የልጃችሁን ሐኪም ጠይቁ። ትልቅ ሰው ሆናችሁ ደግሞ አንድ ጆሯችሁ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቢደፈን "ብርድ ነው፣ ይለቃል" ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጆሮ ሐኪም ሂዱ። ሕክምናው ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው። ለልጃችሁም "ለሰው አይነገርም" አትበሉት። የት መቀመጥ እንደሚሻለው ለመምህሩ ንገሩለት።

ልጄ ጆሮዬን "የተኛው ጆሮ" ነው የምትለው። እኔ ነኝ እንዲህ ብዬ የነገርኳት። ምስጢር ሊኖራት ሲል ሁልጊዜ በቀኜ ዞራ ትመጣ ነበር። በቅርቡ ልብስ እያጠፍኩ በግራዬ ተጠግታ፣ አፏን ማይክሮፎኑ ላይ አስጠግታ "እማዬ፣ ብስኩቱን እኔ ነኝ የበላሁት" አለችኝ። "ሰምቼሻለሁ" አልኳት። ክው አለች። ምስጢሯን ለተኛው ጆሮ ነበር የነገረችው፤ እንዳልሰማት።

"ነቃ እንዴ?"

"አልነቃም። ግን ጎረቤቱ ይነግረዋል።"

አስፋልት ስንሻገር አሁንም ድምፅ ሁሉ የሚመጣልኝ ከቀኝ ነው። መሣሪያው ይህን አልለወጠውም፤ አይለውጠውምም። ስለዚህ ጆሮዬን ትቼ በሁለቱም በኩል በዓይኔ አያለሁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ። ልጄን በግራ እጄ ነው የምይዛት። ጥሩምባ ሲሰማ እጄን ትጎትትና "በዚህ በኩል ነው እማዬ" ትለኛለች። በግራዬ ሆና ስትናገር እሰማታለሁ።